የበዓል ካርድ እንዴት ይታተማል?

ለዘመን መለወጫ ወይም ለገና ካርድ ደርሷችሁ ያውቃል? ካርዱ ላይ አበባ አለ። ከአበባው ሥር «እንኳን አደረሰህ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ በእርሳስ ፊደል ሲታተም ሥራው እንዴት ነው? ዛሬ ይህን እንነጋገራለን።

ብዙዎቻችን ፊደል ሳንቆጥር በፊት በአውራ ጣታችን እንፈርም ነበር። እስቲ ጣታችንን እንየው። ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች አሉበት። በመካከላቸው ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ቀለም ስናስነካው ቀለሙን የሚይዘው ከፍ ያለው ነው። ዝቅ ያለው ንጹሕ ይቀራል። ወረቀት ላይ ስንጫነው አሻራችን ይወጣል።

የእርሳስ ፊደልም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በአንዲት ትንሽ ዘንግ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ዘንጓ የምትሠራው በእርሳስ ላይ ቆርቆሮና አንቲሞኒ የሚባሉ ማዕድናት ተጨምረው ነው። ፊደሉ ግን ግራና ቀኙ የተገለበጠ ነው። የቀበሌ ማኅተምን ፊት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ማኅተሙ ላይ የተገለበጠው ወረቀቱ ላይ ይቃናል።

ፊደሎቹን የሚደረድረው ሠራተኛ ፊደል ለቃሚ ይባላል። ፊደሎቹ በየዓይነታቸው ተለይተው በሣጥን ክፍሎች ይቀመጣሉ። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። «እንኳን» ውስጥ እንዳለው እንደ ኳ ያሉት ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። የእንግሊዝኛ ፊደላት ግን 26 ናቸው። የኛ ለቃሚ ሥራው ምን ያህል እንደሚበዛ አያችሁ?

ለቃሚው እ፣ ን፣ ኳ፣ ን እያለ አንድ በአንድ ይለቅማል። የለቀመውን በብረት ማቀፊያ ውስጥ አጥብቆ ያስራል። ከዚያ ቀለም ይቀባል። ወፍራም ወረቀት ተደርጎበት መኪናው ይጫነዋል። አበባው ቀይ፣ ጽሑፉ ጥቁር ከሆነ ካርዱ ሁለት ጊዜ ይታተማል።

መጀመሪያ ግን አንድ ብቻ አትሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ለምን? በህ ቦታ ሽ ከገባች «አደረሰህ» የነበረው «አደረሰሽ» ይሆናል። ለወንድም የታሰበው ለእህት ይሆናል ማለት ነው። 500 ካርድ ከታተመ በኋላ ቢታይ 500ውም ተበላሸ! አንዲት ፊደል ቀላል አይደለችም።

የኛ ፊደል ከታተመ ብዙ ዘመኑ ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1513 በሮም ከተማ ታተመ። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዛሬ አብዛኛው ካርድ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ነው። በእርሳስ ፊደል ካርድ የሚያትሙ ባለሙያዎች ግን በልዩ ልዩ አገር አሁንም አሉ።

አንድ ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ ለላኪው ይተዋል። እርሱም የላኪው ስም ነው። ቀድሞ ስማችንን ሌላ ሰው ይጽፍልን ነበር። የመጣልንንም ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። የቤታችንን ጉዳይ ከኛ በፊት አንባቢው ያውቀው ነበር። አሁን ግን ካርዱን ራሳችን ከፍተን እናነባለን። ከሥሩም በጣታችን ሳይሆን በእጃችን ጽሑፍ እንፈርማለን።

መልመጃ፦ የጎደለውን በደብተራችሁ ሙሉ።
ለታናሽ ወንድም፦ እንኳን አደረሰ—
ለእህት፦ እንኳን አደረሰ—
ለሽማግሌ፦ እንኳን አደረሰ—
ለጎረቤቶች፦ እንኳን አደረ—