ለሐይቅ ዳር ጁስ ሻጮች ፍራፍሬ ስለ ማቅረብ

እንደ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ባሉ ከተሞች ቅዳሜና እሑድ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ይህ ሕዝብ ከሚወዳቸው ነገሮች መካከል በማንኪያ የሚበላው ወፍራም የአቮካዶ ጁስ፣ በየቀለሙ ተደራርቦ የሚቀርበው ስፕሪስና ተከትፎ የሚቀላቀለው ፍሩት ፓንች ይገኙበታል። ይህን ለመሸጥ ትልቅ ቤት መክፈት ግድ አይደለም። በጎኑ መስኮት የተከፈተለት አሮጌ መኪና ወይም ባለ ጎማ ጋሪ፣ መፍጫ፣ ንጹሕ ውኃና ጥላ ካለ ይበቃል።

ፍራፍሬ አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ገበያ ንቀው ሊያልፉት አይገባም። ለውጭ አገር የሚላክ ሃስ አቮካዶ በመጠኑና በልጣጩ ይመረጣል፤ ትንሹ፣ ቅርጹ የተጣመመውና ቅርንጫፍ የፋቀው ይመለሳል። ለጁስ ግን ይህ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ የተቀጠቀጠ ፍሬ ነው። የተፋቀ ፍሬ ልጣጩ ቢያስቀይምም ሥጋው ደህና ነው፤ የተቀጠቀጠው ግን ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይጠቁራል። ይህን ልዩነት አባላት በዓይናቸው እንዲያዩ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሁለቱንም ዓይነት ቆርጦ ቢያሳይ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ጁስ ሻጭ የሚገዛው ኪሎ ብቻ ሳይሆን ቀን ጭምር ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠነከረ አንድ ኩንታል አቮካዶ ቢመጣለት አይጠቅመውም። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ሲሆን፣ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሙቀት ከ5 እስከ 10 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ የቅዳሜው ፍሬ ባለፈው እሑድ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ መለቀም አለበት። የዘገየውን ከበሰለ ሙዝ ጋር በሳጥን ከድኖ ማስቀመጥ ያፈጥነዋል። ሃስ ሲበስል ልጣጩ ይጠቁራል፤ ፉኤርቴ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ስለሚቀር የሚታወቀው በእጅ ቀስ ብሎ በመዳሰስ ነው።

ዋጋ ሲወደድ ያልደረሰ ፍሬ የሚለቅም ገበሬ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ፍሬ ይጨማደዳል እንጂ አይበስልም፤ ጁሱም ጣዕም የለውም። ለመለየት ጥቂት ፍሬ ቆርጦ የዘሩን ሽፋን መመልከት ነው፤ ስስና ቡናማ ከሆነ ደርሷል፣ ወፍራምና ነጣ ያለ ከሆነ ገና ነው።

ዛፍ አራግፎ መልቀም መቅረት አለበት። ጫፉ ላይ መቁረጫና ከረጢት የታሰረለት ረጅም ዘንግ ይበቃል። ማንጎ ከአጭር አንገቱ ጋር ይቆረጥና አንገቱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ወተቱ እንዲንጠፈጠፍ ይደረግ፤ አለዚያ ወተቱ ልጣጩን ያቃጥለዋል። ፓፓያ ቢጫ መስመር ሲያወጣ ይለቀም። ጭነቱ በማዳበሪያ ከረጢት ሳይሆን በሳጥን ይሁን።

አሁን ወደ ጋሪው እንመለስ። አንድ ደንበኛ በተቅማጥ ቢታመም ወሬው ገበያውን ሁሉ ይዘጋል፤ ጉዳቱም ተመልሶ ገበሬው ላይ ይወድቃል። የሐይቅ ውኃ ለፍራፍሬም ሆነ ለብርጭቆ ማጠቢያ ፈጽሞ አይሁን፤ የከተማው ጎርፍ የሚገባው እዚያው ነው። በ10 ሊትር ንጹሕ ውኃ 20 ሚሊ ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ቀላቅሎ ፍሬውን ሳይላጥ ማጠብ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል። በፀሐይ የሞቀ ማንጎ በቀዝቃዛ ውኃ አይነከር፤ ፍሬው ሲቀዘቅዝ በአንገቱ በኩል ውኃውን ከነጀርሙ ወደ ውስጥ ይስባልና። ለዓሣ ማቀዝቀዣ የመጣ በረዶም ብርጭቆ ውስጥ አይግባ። የተላጠ ፍሬ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

የአቮካዶ ጁስ እንዳይጠቁር ሎሚ ይጨመርበታል። ፓፓያ ከወተት ጋር ተፈጭቶ ከቆየ ይመራል፤ ስለዚህ ሲታዘዝ ብቻ ይፈጭ። በዐቢይ ጾም፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ ያለ ወተት የሚፈልገው ደንበኛ ብዙ ስለሆነ ለጾም የተለየ መፍጫ ማዘጋጀት ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም። አንዳንድ ሻጭ አጥቤዋለሁ ይላል፤ ጿሚው ግን አያምነውም፣ እውነትም አለው።

ማኅበሩ ከሻጮቹ ጋር ሲዋዋል ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚፈለገውን የብስለት ደረጃ፣ የመረከቢያውን ቀንና የሚመለሰው ፍሬ ኪሣራ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍር። ከአቮካዶው ክብደት ሲሶ ያህሉ ልጣጭና ዘር ስለሆነ ሻጩ ዋጋ ሲከራከር ይህን ያነሣል፤ ማኅበሩም ሒሳቡን አውቆ ይቅረብ። በየሳጥኑ ላይ የተለቀመበት ቀንና የአባሉ ቁጥር ይጻፍ። የተቀጠቀጠ ፍሬ ሲገኝ ተቀናሹ ከዚያው አባል ሒሳብ እንጂ ከሁሉም አይወሰድ።