የልጅነታቸውን እያስታወሱ የጠዋቱን ሲረሱ

በቤትዎ አንድ አዛውንት ካሉ ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ከስድሳ ዓመት በፊት አብረዋቸው ከብት ይጠብቁ የነበሩ ጓደኞቻቸውን ከነአባታቸው ስም ጠርተው ይነግሩዎታል፤ ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን ግን ይረሳሉ። አንዳንዱ ልጅ “የድሮውን እያስታወሱ የዛሬውን እንዴት ይረሳሉ? ሆን ብለው ነው” ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ “ያው እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል” ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም አዛውንቱን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ያሳዝናቸዋል፤ ሁለተኛው ሊታከም የሚችል ሕመም እንዲባባስ ያደርጋል።

የድሮው ለምን ይቀራል?

አዲስ የሰማነውና ያየነው ነገር በአእምሯችን እንዲቀመጥ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው። አልዛይመር የተሰኘው የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው ይህንኑ ክፍልና በአካባቢው ያለውን ነው። በመሆኑም የጠዋቱ ወሬ ገና ሳይቀመጥ ይጠፋል። የልጅነትና የወጣትነት ትዝታ ግን ለዓመታት ሲነገርና ሲደጋገም ስለኖረ በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ሥር ሰዷል። ለዚህም ነው ቶሎ የማይጠፋው። ጤነኛ አዛውንቶችም ቢሆኑ ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ ይበልጥ የሚያወሩት በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ስለሆነው ነገር እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ።

ተራ መርሳትና ሕመም

የዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት በሽታ የእርጅና ተፈጥሯዊ አካል አለመሆኑን ያስገነዝባል። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልዛይመር ያለባቸው ናቸው።

ዕድሜ ሲገፋ ስም ለማስታወስ ትንሽ መዘግየት ወይም መነጽር ያስቀመጡበትን መርሳት የተለመደ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲያፈሉ የኖሩ እናት የመቁላቱና የመውቀጡ ቅደም ተከተል ሲጠፋቸው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለዓመታት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲመለሱ መንገድ መሳት፣ የገንዘብ መልስ መቁጠር አለመቻል፣ አንድን ጥያቄ በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ጠባይ መለወጥ የሕክምና ምርመራ የሚሹ ምልክቶች ናቸው።

ሁሉም መርሳት አልዛይመር አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የመንፈስ ጭንቀት እንዲሁም አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ሰውን የሚያስረሱበት ጊዜ አለ። በደንብ የማይሰማ አዛውንትም የረሳ ሊመስል ይችላል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው። ስለዚህ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ መቀባዠር ከሆነ ግን ቀን አይቁጠሩ። የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ከወደቁ ወይም ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ሳምንታት በኋላ የመጣ ግራ መጋባትም አንጎልን ከበው ባሉ ሽፋኖች መካከል ደም መጠራቀሙን ሊያመለክት ስለሚችል አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ጨዋታውም እንክብካቤ ነው

ለሚረሳ ሰው “እኔ ማን ነኝ? እስቲ ንገሩኝ” እያሉ መፈተን ከማሳፈር በቀር ጥቅም የለውም። ይልቁንም ቀድመው “እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ትልቋ ልጅዎ” ይበሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ያረፉትን አባታቸውን “የት ሄደ?” ብለው ቢጠይቁዎት ሞቱን በየቀኑ አያርዷቸው፤ ኀዘኑ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ነው። “አባትዎ ናፈቁዎት? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” ቢሏቸው ግን ስለ እርሻው፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ ቁጣቸውና ስለ ቀልዳቸው ያወጉዎታል። ያን ቀን ፊታቸው ሲፈታ ያያሉ።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፉ አዛውንቶች ያለፈ ሕይወታቸውን መለስ ብለው ማየታቸው ተፈጥሯዊ መሆኑን አስረድቷል። ዛሬ በብዙ አገሮች የድሮ ፎቶግራፍ፣ ዘፈንና ዕቃ እያቀረቡ አዛውንቶችን ማጫወት እንደ አንድ የእንክብካቤ ዘዴ ያገለግላል። በእኛም ቤት ይህ አይቸግርም። ቡናው ሲቆላ ሽታው ብቻውን ብዙ ያስታውሳል። የቆዩ ፎቶግራፎችን አውጥተው አብረው ይዩ፤ የሰዎቹን ስም ዛሬውኑ ከጀርባው ይጻፉ። ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅረጹ፤ የልጅ ልጆች ጠያቂ ይሁኑ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ረሃብ ያለፉ፣ በጦርነት ልጅ የቀበሩ አዛውንቶች አሉ። ዝም ካሉ አያስገድዷቸው፤ ካለቀሱም እጃቸውን ይዘው አብረው ይቀመጡ።

ለራስዎስ?

ዛሬ ወላጅዎን የሚያስታምሙ እርስዎም ነገ አዛውንት ነዎት። የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ማጨስ ማቆም፣ መጠጥ መቀነስ፣ የመስማት ችግርን መታከም፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ በፍጥነት መራመድና ከሰው አለመለየት በበሽታው የመያዝን ዕድል ይቀንሳሉ። ዕድር፣ ማኅበርና የጎረቤት ቡና ለአእምሮም ይጠቅማሉ።

አስታማሚም ይደክማል። አዛውንቱን ለአንዲት ሴት ልጅ ብቻ ጥሎ ሌላው ወንድምና እህት በስልክ መጠየቁ አይበቃም። ተራ ይግቡ፤ መድኃኒታቸውን ሁለት ጊዜ እንዳይውጡ አንድ ሰው ይያዘው፤ ከቤት ሲወጡ ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በኪሳቸው ይኑር። እርስዎ ልጅ ሳሉ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲጠይቁ በትዕግሥት የመለሱልዎ እነርሱ ናቸው። ዛሬ ጥያቄው የእነርሱ፣ ትዕግሥቱ የእርስዎ ነው።