የተናቀው ወረቀት፦ ከሪኮሜንዴሽን ደብዳቤ ጋር ትውውቅ

የትምህርት ዕድል የሚያሳድድ ተማሪ ስለ ትራንስክሪፕቱ ይጨነቃል፤ ስለ እንግሊዝኛ ፈተናው እንቅልፍ ያጣል፤ ሲቪውን ደጋግሞ ያስተካክላል፤ የሞቲቬሽን ደብዳቤውን ለጓደኛውም ለጓደኛው ጓደኛም ያስነብባል። ሪኮሜንዴሽኑን የሚያስታውሰው ግን ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል፤ ያገኘውን መምህር ኮሪደር ላይ ያስቆማል። ደብረ ታቦር ላይ በመምህርነት በኖርኩባቸው ዓመታት ከማመልከቻ ወረቀቶች ሁሉ እንደዚህ የተናቀ አላየሁም። በእኔ ግምት ደግሞ ተቀራራቢ ውጤት ያላቸውን ሁለት አመልካቾች የሚለየው እሱ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ሪኮሜንዴሽን አመልካቹን ያስተማረ ወይም ያሠራ ሰው ለተቋሙ በቀጥታ የሚጽፈው ምስክርነት ነው። የአሜሪካው ፉልብራይት ሦስት ይጠይቃል፤ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ሁለት። አገር ውስጥም ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ሌላው ዝርዝር በየጥሪው ላይ ስለሚጻፍ አልደክምበትም።

ብዙዎቹ የወንዜ ልጆች ይህን ነገር ፈረንጅ ያመጣው ወግ አድርገው ያዩታል። ይህ ሁሌም ይገርመኛል፤ ለደቡብ ጎንደር ሰው እንግዳ መሆን የሌለበት ነገር ቢኖር ምስክርነት ነውና። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ጎጃምም ይማር ሸዋ፣ ማስመስከር ሲፈልግ የሚወጣው እዚሁ ደቡብ ጎንደር ወዳለችው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ምስክሩ ዙር አምባ ነው፤ እሱም ጋይንት። ቤተልሔም በውጭ ሰዎች ዘንድ የታወቀችው በሕንፃዋ ነው፤ ቶማስ ፓከናም የሚባል ተጓዥ በ1955 እ.ኤ.አ. በክቡ የሣር ጣሪያ ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፎበታል። የቆሎ ተማሪው ግን ለሕንፃው ብሎ አይደለም ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው። እዚያ ያለው መምህር አስቀምጦ ያሰማዋል፤ ምልክት ሲስት ይመልሰዋል፤ እስኪበቃው ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ ነው «ቤተልሔም አስመስክሯል» የሚባለው። በዚህ ቃል ብቻ በሄደበት አገር ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።

ልብ በሉ፤ ሳይሰማው የሚመሰክርለት መምህር የለም። የደጃዝማች ልጅ ነህና እለፍ የሚል የለም። ማኅሌቱም እንደዚሁ ነው። አለቃ ገብረ ሐናን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የፎገራ ናበጋ ሰው መሆናቸውንና ያመጡት የአቋቋም ስልት በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም ተጠርቶ ደብረ ታቦርን መናኸሪያው ማድረጉን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። «ተክሌ ነኝ» የሚል መርጌታ ገና ሳይቆም ከየት ወንበር እንደተነሣ ነግሮናል። በአብነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ተማርህ?» ነው። ዘመናዊው የሪኮሜንዴሽን ቅጽም ሲከፈት ከላይ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ አመልካቹን ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ሥራ ላይ ያውቁታል?

ይህን ጥያቄ ነው እኛ የምንዘለው። ዘለን የምንሄደው ወደ ማዕረግ ነው። ተማሪው «ዲኑ ቢፈርምልኝ፣ ፕሬዚዳንቱ ቢጽፉልኝ» ብሎ ይመኛል፤ ፕሮፌሰር የሚባል ሰው ካገኘማ ዕድሉ የሰመረ ይመስለዋል። ዲን ግን ተማሪውን የሚያውቀው በምረቃ ቀን ሲጨብጠው ነው። ስለዚህ ምን ይጽፋል? «የኮሌጃችን ምስጉን ተማሪ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሌላ የሚለው የለውማ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አብሮት ቆሞ፣ ናሙና ሲያበላሽና መልሶ ሲሠራ ያየው ረዳት ሌክቸረር ግን ገጽ ሙሉ የሚናገረው አለው። ተማሪው እሱን አይጠይቅም፤ ዶክትሬት ስለሌለው ይንቀዋል። እኔ ከዲን የመጣ ሦስት መስመርና ከረዳት ሌክቸረር የመጣ አንድ ገጽ ቀርቦልኝ ምረጥ ብባል፣ ረዳቱን ለመምረጥ ዓይኔን አላሽም።

ሁለተኛው ጣዖታችን ክቡ ማህተም ነው። በእኛ ቢሮ ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ ቁጥርና ቀን ከሌለውማ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። የዛሬው ሪኮሜንዴሽን ግን በአብዛኛው ተማሪው እጅ አይገባም። ተቋሙ ለመምህሩ በኢሜይል ሊንክ ይልክለታል፤ መምህሩ ከፍቶ ይሞላል፤ ደብዳቤውን ይጭናል፤ አለቀ። እዚያ የማህተሙን ቦታ የያዘው የኢሜይል አድራሻው ነው። በዩኒቨርሲቲው ስም የሚያልቅ ኢሜይል ያለው መምህር መሆኑ ይታመናል፤ በግል አድራሻ የመጣውን ተማሪው ራሱ ከፍቶት ይሆን ብለው ይጠረጥራሉ። የሥራ ኢሜይላችንን የይለፍ ቃል ረስተን ዓመት የምንቀመጥ መምህራን፣ ይህ የኛ ጥፋት ነው። ተማሪው ለማህተም ሲንከራተት ሊንኩ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይሞታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ይሉኝታ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ተማሪን «አልጽፍልህም» ማለት ቀላል አይደለም። አባቱን ታውቃለህ፤ ከአጎቱ ጋር በሰንበቴ ትገናኛለህ፤ እናቱ ዕድር ላይ ታይሃለች። ስለዚህ መምህሩ ለመጣው ሁሉ እሺ ይላል፤ ለሁሉም አንዱን ደብዳቤ ስሙን እየቀየረ ይልካል። ብዙዎቹ ቅጾች «ይህን ተማሪ ካስተማሯቸው ጋር ሲያወዳድሩት የት ላይ ነው?» የሚል ሰንጠረዥ አላቸው፤ ከመቶ አንዱ፣ ከመቶ አምስቱ፣ ከመቶ አሥሩ እያለ ይወርዳል። እሱም ላይ ሁሉንም ከላይኛው ሳጥን ያስቀምጣል። አምስት ተማሪዎቹ ለአንድ ፕሮግራም ካመለከቱ አጣሪው አምስቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ያያል፤ አምስቱም አንደኛ ናቸው! በዚያ መምህር ስም ከዚያ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ ምን ዋጋ ይኖረዋል? ለጎበዙ ተማሪ የሚሆነውን ቃል ለሁሉም አድሎ ጨርሶታል። ችሎት ፊት የቆመ ምስክር ያላየውን ቢናገር ምን እንደምንለው እናውቃለን፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ደግነት ይመስለናል።

የይሉኝታ ታናሽ ወንድም ደግሞ «ራስህ ጽፈህ አምጣውና ልፈርም» የሚለው ነው። ይህን በየግቢው ያልሰማ ተማሪ ካለ ዕድለኛ ነው። እኔም በተማሪነቴ ተብያለሁ፤ ማምሻውን ቁጭ ብዬ ራሴን በሦስተኛ ወገን እያመሰገንኩ ጻፍኩ። ራሱን የሚያመሰግን ሰው ደግሞ ወይ ያፍራል ወይ ያበዛል። ሦስቱንም ደብዳቤ አንድ እጅ ሲጽፋቸው አንዱ ላይ ያለው ቃል ሌላውም ላይ ይኖራል፤ የስሕተቱ ዓይነት እንኳ አንድ ነው። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ሰዋስው ተስተካክሏል፤ ባዶነቱ ግን ያው ነው፣ አሁን በጥሩ እንግሊዝኛ ባዶ ሆነ እንጂ።

እንግዲህ ጥሩው ምን ይመስላል? በየዓመቱ የማየው የተለመደው ዓይነት እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላት፣ ከመምህራንና ከጓደኞቿ ጋር ተግባቢ ናት፤ የሚሰጣትን ሥራ በአግባቡ ትወጣለች።» ይህ ስለ ማንም ሊባል ይችላል። ከዚህ ጎን የሚከተለውን አንብቡ፤ አንድ ጊዜ ከጻፍኩት የወሰድኩት ነው፣ ተማሪዋ እንዳትታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፦

«ለመመረቂያ ጥናቷ በፎገራ ሜዳ በስምንት የሩዝ ማሳዎች ላይ የውኃውን ከፍታ ትለካ ነበር። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሁለቱን ማሳዎች ሲያሰጥማቸው የጎደለውን ቁጥር ከጎረቤት ማሳ ገምታ መሙላት ትችል ነበር፤ አላደረገችም። ሰንጠረዡን ባዶ ትታ ከሥሩ ለምን ባዶ እንደሆነ ጻፈች። በዚያ ዓመት ካማከርኳቸው ተማሪዎች የለየኋት በዚህ ነው።»

ምስጋና የሚባል ቃል የለውም። አንባቢው ግን ይህች ልጅ መረጃ እንደማትፈጥር አወቀ፤ በምርምር ዓለም ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት ብዙ የለም። እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ሩዝን ሥራዬ ብሎ የያዘ የትም አገር ያለ ተመራማሪ ይህን አንቀጽ ሲያነብ ማሳው ይታየዋል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲገቡ ፎገራን ምን እንደሚያደርጉት እኛ በየክረምቱ የምናየው ነገር ስለሆነ አንጽፈውም። መጻፍ ነበረብን።

ትራንስክሪፕት የማይናገረውንም ይህ ወረቀት ይናገራል። በዚህ አገር የተማረ ልጅ ውጤቱ አንድ ሴሚስተር ላይ ድንገት ወርዶ ከታየ ምክንያቱ ስንፍና ላይሆን ይችላል። በ2012 ኮቪድ ግቢዎችን ዘጋ፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ የደብረ ታቦር አፋፍ ደረሰ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ማመልከቻ በኢንተርኔት ብቻ በሚላክበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የለንደኑ አጣሪ ከየት ያውቃል? ተማሪው ራሱ ቢጽፈው ሰበብ ይመስላል፤ መምህሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጽፈው ማስረጃ ነው። ብዙ መምህራን ይህን አያደርጉትም፤ ደብዳቤ ማለት ማሞገስ ብቻ ይመስላቸዋል።

ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ግን ሰው የሚጥሉ ነገሮችም አሉ። የዘመን አቆጣጠር አንዱ ነው። «ተማሪውን ከ2013 ጀምሮ አውቀዋለሁ» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ በእነሱ 2013 ልጁ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ አንባቢው መምህሩን ወይ ዘመድ ወይ ውሸታም ያደርገዋል። ስምም እንዲሁ፦ ፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ እስከ አባት፣ ደብዳቤው ላይ በሌላ የላቲን አጻጻፍ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የማያውቅ ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። ሰዓቱንም አስቡ፤ በግሪንዊች አቆጣጠር ሌሊት 23:59 ላይ የሚዘጋ ጥሪ በእኛ ከሌሊቱ 8:59 ነው የሚዘጋው፤ ያን ሰዓት መምህርን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ማጻፍ አይቻልም።

የአሜሪካኖቹ ቅጽ ላይ ደግሞ «የተጻፈልህን ደብዳቤ የማየት መብትህን ትተዋለህ?» የሚል ሳጥን አለ። ተማሪዎቻችን ይፈሩታል። የይሁንታ ምልክት አድርጉበት፤ ተማሪው እንደማያየው ታውቆ የተጻፈ ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል። ምን ይጽፍብኝ ይሆን ብላችሁ የምትሰጉበትን ሰው መጀመሪያውኑ አትጠይቁ።

አጠያየቁም ወግ አለው። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ሲቪያችሁን፣ የሞቲቬሽን ደብዳቤውን ረቂቅ፣ የጥሪውን ቀነ ገደብ፣ ከመምህሩ ጋር የሠራችሁትን የሚያስታውስ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ያዙ። መምህር ረስቷችሁ ከሆነ አትቀየሙ፤ በየዓመቱ አዲስ ፊት ነው የሚያየው። አጠያየቃችሁ ደግሞ ከይሉኝታ የሚያወጣው ይሁን፦ «መምህር፣ ስለ ሥራዬ በዝርዝር ሊጽፉልኝ ይችላሉ ወይስ ሌላ ሰው ባስቸግር ይሻላል?» እንዲህ ከተጠየቀ ብዙ የማያውቃችሁ ሰው በክብር ይወጣበታል፤ እናንተም ከለብ ያለ ደብዳቤ ትድናላችሁ። «ሌላ ሰው ፈልግ» ያላችሁን መምህር አመስግኑት።

ገና አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዋናነት ለእናንተ ነው። አራተኛ ዓመት ላይ ምስክር የሚሆናችሁን ሰው ዛሬ ነው የምታፈሩት። አንድ መምህር ምረጡ፤ ቢሮው ሄዳችሁ ስለ ጥናቱ ጠይቁት፤ ናሙና ሲሰበስብ አብራችሁ ውረዱ፤ መጠይቅ ሲያስሞላ አግዙት። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ውጤቱ ሲታወቅ ደግሞ፣ አለፋችሁም ወደቃችሁ፣ ለጻፈላችሁ ሰው ደውላችሁ ንገሩት። ከሚጽፍላቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ ተመልሰው አይነግሩትም።