ጎንደር በገበያዋ በኩል

የጎንደር ስም ሲነሣ የብዙው ሰው ሐሳብ የሚያርፈው ፋሲል ግንብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እሱ ነውና አያስገርምም። ከተማዋን አቁሞ ያኖራት ግን ገበያው ነው። ይህን ለመረዳት ከቆላው በኩል ወደ እሷ መውጣት ይበጃል። አብርሃ ጅራ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር የማይሞላ፣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት የምዕራብ አርማጭሆ ሜዳ ነው። ከዚያ በሳንጃ በኩል ሽቅብ የወጣ መንገደኛ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በኮረብቶች ተከባ የተቀመጠች፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ያገኛል። ከእሷ ወደ ሰሜን ቢቀጥል ደግሞ የገብስና የባቄላ አገር የሆነው የወገራ ደጋ ይጠብቀዋል።

ተራራ ለነጋዴ እንቅፋት እንጂ በረከት አይደለም የሚል ይኖራል። ቁልቁለቱና ዳገቱ ጭነት ያደክማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የደጋ ሰው የቆላውን ወባ ይፈራል፣ የቆላው ሰው የደጋውን እህል ይፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ለሰውም ለከብትም የሚስማማ ወይና ደጋ ያስፈልጋል። ጎንደር ያ ቦታ ናት። ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በእሷ በኩል ወደ መተማና ወደ ስናር ይወርድ ነበር፤ የተሸጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ወርደዋል፣ ይህም የገበያው ታሪክ ነውና መሸሸግ የለበትም። ጭልጋ የቀረጥ ኬላ ነበረች። ነጋዴ ባሕር የምትባለው የመንገድ ዳር ከተማም ስሟ ራሱ ምስክር ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ ከተማዋን የመሠረተው ንጉሥ እንጂ ነጋዴ አይደለም የሚለው ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸው አይካድም። ግን ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ የሆነውን እንይ። አፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ሌላ ቦታ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ የሱዳን መሐዲስት ጦር በመተማ በኩል ገብቶ ዳግመኛ አቃጠላት። ንጉሥ ብቻ ያቆመው ከተማ ቢሆን ኖሮ በዚያው ጠፍ ሆኖ በቀረ ነበር። ጎንደር ግን ተመልሳ ቆመች፤ ቆላው አሁንም ከታች፣ ደጋው አሁንም ከላይ ነበሩና። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ በወጣው ውሳኔ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ የተደረጉት ሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈርም፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው፣ እስካሁን የንግድ ሰፈር ነው።

የዛሬው ትልቁ ሸቀጥ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ከጫፉ ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ አጫጁ ፈጽሞ ሳይደርቅ ይቆርጠውና ነዶውን ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ እርስ በርሱ አስደግፎ ያቆመዋል፤ ሂላ የሚሉት ይህን ነው። ሲደርቅ ሸራ ላይ ገልብጦ ያራግፈዋል። ሥራው ቀን የማይሰጥ ስለሆነ በመስከረምና በጥቅምት ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል፤ አንዳንዱም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ይህ በሽታ የሚታከምበት አንዱ ዋና ቦታ እዚያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ቆላና ከተማው በእህል ብቻ ሳይሆን በሰው ሕይወትም ተሳስረዋል።

ሰሊጡ ጎንደርን አልፎ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፣ ለከተማዋ ምን ይተርፋታል? ይህን ተቃውሞ በከፊል እቀበላለሁ። በዓለም ገበያ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ ተብሎ በስሟ የሚሸጠው ምርት አብዛኛው ጥሬውን ይወጣል፤ ዘይቱና ጣሂናው የሚሠራው በሌላ አገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነትና በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አጥብበውታል። ይህ ግን ገበያው መጠበቅና መጠናከር እንዳለበት እንጂ ከተማዋ የገበያ ከተማ አለመሆኗን አያሳይም። ወደ ጎንደር የምትሄዱ እንግዶች ሆይ፣ ግንቡን እዩ፤ ግን አንድ ጠዋት ለቅዳሜ ገበያም አትርፉ።