ስለ መሬት መንቀጥቀጥ መማር እምነትን ይጎዳልን?



ከሁምቦ አጥቢያችን ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ወጣት፥ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚሰጥ የመግቢያ ኮርስ ሊወስድ ሲል፦ «ፓስተር፥ ጌታ የተናገረውን ምልክት እንዲሁ ተፈጥሮ ነው ብለው እምነቴን ያናጉብኝ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ኮርሱን ጨርሶ ደብተሩን አዋሰኝ። አንብቤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ኮርሱ የሚጀምረው መሬት ለምን እንደምትንቀጠቀጥ በማስረዳት ነው። የምድር ቅርፊት በትላልቅ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ከአፋር ተነሥቶ በአባያ ሐይቅ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው፥ የእኛም ሁምቦ ያለችበት ስምጥ ሸለቆ፥ ሁለቱ ክፍሎች የሚለያዩበት ስፍራ ነው። የሚራራቁት በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ዓለቱ ለረጅም ዘመን ተይዞ ይቆይና ድንገት ይላቀቃል፤ መንቀጥቀጡም ያን ጊዜ ይሆናል። አንዳንዴም የቀለጠ ዓለት ከሥር እየገፋ መሬቱን ይሰነጥቃል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የሆነው ይህ ነበር። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ልኬት ነው። በሬክተር ስኬል አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 6 የተመዘገበው ከ4ቱ በ1,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ሦስተኛው ለእኛ እጅግ ይጠቅማል። ሳይንስ አደጋው የሚያሰጋበትን ስፍራ ያሳያል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። እንግዲህ «በዚህ ሌሊት ይመጣል» የሚል መልእክት በስልክ ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ። ጌታችንም የመሬት መናወጥን የምጥ መጀመሪያ አለው እንጂ (ማቴ. 24፥7-8) ቀን አልቆረጠልንም፤ እንዲያውም ቀኑን ማንም እንደማያውቅ ተናግሯል (ማቴ. 24፥36)።

አራተኛው፥ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚገድለው መንቀጥቀጡ ራሱ ሳይሆን የሚናደው ግንብ ነው። ድንጋጤም ይጎዳል። በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ሲሆን፥ ተማሪዎች በድንጋጤ ሲሮጡና ሲዘሉ ተጎድተዋል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከመስኮት ራቁ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ ንዝረቱ እስኪያልፍ በደረጃ አትሩጡ። ውጭ ከሆናችሁ ከግንብና ከመብራት ምሰሶ ራቁ። ቀላል የሣር ጎጆ ቢወድቅ እንኳ እንደ ድንጋይ ግንብ አይጫንም፤ በፌሮና በኮንክሪት ያልታሰረ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ግን ያሰጋል።

ወገኖች ሆይ፥ በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን ታሪክ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሐፍ ያሳተሙት ፒየር ጉዋን የካቶሊክ ካህን ነበሩ። እምነታቸው ከምርምር አልከለከላቸውም።

እግዚአብሔር ለእስራኤል፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ወድቆ የሚሞት እንዳይኖርና ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን መከታ እንዲያደርግ አዝዞ ነበር (ዘዳ. 22፥8)። በየእሑዱ መቶዎች የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ የምንሠራ እኛ፥ ግንቡ በሚገባ መታሰሩን፥ በሮቹም ወደ ውጭ መከፈታቸውን ጠይቀናልን? ያን ወጣት ያልሁት ይህን ነው፦ ኮርሱ እምነትህን አልነካም፤ ይልቅስ የአዳራሻችንን ግንብ አብረኸኝ እይ።

ጌታ ይባርካችሁ።