የቤት ኪራይ በጎንደር፤ ዋጋው ለምን ይንራል? ውሉስ እንዴት ይሁን?

በዛሬው ዝግጅታችን የብዙ ቤተሰቦችን ኪስ ስለሚያራቁት፣ የብዙዎችንም እንቅልፍ ስለሚነሳ ጉዳይ እንነጋገራለን። እርሱም የቤት ኪራይ ነው። የወሩ መጀመሪያ ሲቃረብ አባወራው አስቀድሞ የሚያስበው የአከራዩን ገንዘብ ነው፤ ለአስቤዛ፣ ለልጆች ደብተርና ለሕክምና የሚውለው ከዚያ የተረፈው ነው። ኪራይ ተጨምሮበት ቤት የሚለቅ ቤተሰብ የሚያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም። ልጆች ከትምህርት ቤታቸውና ከመድረሳቸው ይርቃሉ፤ እናት ቡና ከምትጠራት፣ ሲቸግራት ከምትደርስላት ጎረቤት ትለያለች። ስለዚህ የጎንደርና የአካባቢዋ የቤት ኪራይ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ፣ አከራይም ሆነ ተከራይ መብትና ግዴታውን እንዴት ማወቅ እንዳለበት በቅደም ተከተል እንመልከት።

በቅድሚያ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ዋና ከተማ ሆና ተቆረቆረች። በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚህም ሳቢያ ሙስሊሙ ቀድሞ እስላም ቤት ይባል በነበረው፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው ሰፈር ተሰባሰበ። በደጋው አገር ሙስሊሞች የርስት ባለቤት የመሆን ዕድላቸው የተዘጋ ስለነበር አብዛኞቹ የኖሩት በንግድና በሽመና ነው። ይህንን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የቤትና የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ በአካባቢያችን ሥሩ የረዘመ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ይህ ሥርዓት ከመሠረቱ የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተዛወሩ፤ ኪራይም ተቀነሰ። በፒያሳ አካባቢ ጣሊያን ያሠራቸው ቤቶች፣ በየሰፈሩም የነበሩ የጭቃ ቤቶች ለብዙ ድኻ ቤተሰብ መጠጊያ ሆኑ። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም፤ ቤቶቹም እያረጁ ሄዱ። የቀበሌ ቤት የያዘ አይለቅም፣ አዲስ የመጣም አያገኝም። አዲሱ ሰው የሚሄደው ወደ ግለሰብ ቤት ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ እጅግ ርካሽ ኪራይና እጅግ ውድ ኪራይ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ቀጥለን ቤት ፈላጊው ምን ያህል እንደበዛ እንይ። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 112,249 ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን 207,044 ሆኗል፤ ከዚህም ውስጥ ሙስሊሙ ከመቶ 12 ያህሉ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ የሕዝቡ ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ከተማዋ መስፋቷን አላቆመችም። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም አድጎ ብዙ ካምፓሶች ያሉት ትልቅ ተቋም ሆኗል። መምህሩ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ በማታና በክረምት የሚማረው ሁሉ ከግቢ ውጭ ቤት ይከራያል። በማራኪ አካባቢ አንዲት ክፍል የሚፈልገው ወንደላጤና በሁለት ክፍል አምስት ልጅ የሚያሳድገው አባወራ በአንድ ገበያ ይሻማሉ። ሦስት ወይም አራት ሆነው የሚከራዩ ተማሪዎች የሚያዋጡት ገንዘብ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከሚችለው ሊበልጥ ይችላል። አከራዩም ወደዚያው ቢያዘነብል አይገርምም።

የደጋው ከተሞች ነገርም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚማሩ የገጠር ልጆች ተሰብስበው ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውንም ቅዳሜና እሑድ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ከየወረዳው የተፈናቀሉ ወገኖች በእነዚሁ ከተሞች ተጠለሉ፤ ከፊሉም ጎንደር ድረስ መጣ። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ተጠጋ፣ ጥሪት የያዘው ተከራየ፣ ሌላው በመጠለያ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለቤት አልባ ይመስል የነበረ ጓዳ ሁሉ ዋጋ ያወጣል።

ቤት ፈላጊው ሲበዛ ቤቱ ለምን አይበዛም? ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፣ የከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ወይም የተሠራ ቤት በመግዛት ነው፤ ሊዙ አቅም ይጠይቃል፣ የማኅበሩ ተራ ዓመታት ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ ዋጋቸው ንሯል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ የቤት መሥሪያ ዕቃም አብሮ ጨመረ። ሦስተኛ፣ ውኃ ነው። ጎንደር በአንገረብ ግድብ ላይ ተመርኩዛ የኖረች፣ ውኃ በፈረቃ የሚያገኙ ሰፈሮች ያሏት ከተማ ናት። ስለዚህ ሮቶ ወይም ጉድጓድ ያለው ግቢ ከሌለው ይወደዳል። አብዛኛው የሚከራየውም በግቢ ጀርባ የተሠራ ሰርቪስ እንጂ ለኪራይ ተብሎ የታነጸ ሕንፃ አይደለም። በዚህ ላይ ደላላው አለ፤ ሰው ቶሎ ቶሎ ቤት በለቀቀ ቁጥር እርሱ ኮሚሽን ያገኛል።

በሙስሊሙ ቤተሰብ በኩል ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው መስጂድና መድረሳ ባለበት ሰፈር ለመኖር ያለው ፍላጎት ነው፤ ይህም በአዲስ ዓለምና በአካባቢው የቤት ሽሚያውን ያበረታል። ሁለተኛው ወለድ ነው። ብዙ ሙስሊም ወለድ ያለበትን የባንክ ብድር ፈርቶ ቤት መሥራቱን ይተዋል፤ ለዓመታትም ተከራይ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ረገድ ነገሩ ተሻሽሏል። ባንኮች ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከወለድ ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ ወጥቶላቸዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፣ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በጊዜ ክፍያ የሚሸጥበት ሙራበሓ አንዱ መንገድ ነው። በቂ መያዣና የማያቋርጥ ገቢ መጠየቁ አይቀርም፤ ቢሆንም ሳይጠይቁ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። አዋጁ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። በየከተማችን ያለውን አፈጻጸም ከቀበሌ ወይም የቤቶችን ጉዳይ ከሚመለከተው የከተማው ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። ዋና ዋና ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፤ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መሠረት ብቻ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል።

ይህ ምን እንደሚጠቅም በምሳሌ እንየው። ኪራዩ በወር 3,000 ብር ነው እንበል። የስድስት ወር ቅድሚያ የተጠየቀ ሰው 18,000 ብር ይበደራል፤ በሁለት ወር ልክ ግን የሚፈለግበት 6,000 ብር ነው። የ12,000 ብሩ ልዩነት ለአንድ ጉልት ቸርቻሪ መነገጃ ሊሆን ይችላል።

በጽሑፍ መዋዋል ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራህ 282፣ ጊዜ የተወሰነለት ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት የሚያዝ ነው። በፊቅህም ኪራይ ትክክል የሚሆነው ቤቱ፣ ዘመኑና ዋጋው ታውቆ ሁለቱም ወገኖች ወደው ሲስማሙ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ የክፍሉ ብዛት፣ ኪራዩ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የውሉ መጀመሪያና ማብቂያ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ በጋራ ቆጣሪ ከሆነ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሽንት ቤቱና ማድ ቤቱ የግል ይሁን የጋራ በግልጽ ይጻፍ። ጥገናም አይረሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ትልልቁን ጥገና በአከራዩ፣ ጥቃቅኑን በተከራዩ ላይ ያደርጋል። በፊቅህም ተከራይ ባለ አማና ነው፤ ቸል ሳይል ወይም ወሰን ሳያልፍ ለደረሰ ጉዳት አይጠየቅም፤ በጥፋቱ ያበላሸውን ግን ይከፍላል።

አከራይን ሁሉ በክፉ ማየትም ፍትሕ አይደለም። ባሏ የሞተባት እናት የቲም ልጆቿን የምታሳድገው በሁለት ክፍል ኪራይ ሊሆን ይችላል። ለእርሷም ጤፉና ዘይቱ ተወዷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ የመስጂዱ ቦታ የሁለት የቲሞች ነበር፤ በነጻ እንስጥ ቢሏቸውም በዋጋ ካልሆነ እንዳልተቀበሉ በሲራ ተዘግቧል። የባለቤት ሐቅ እንዲህ ይከበራል። ኪራይን ያለ ምክንያት ማዘግየት፣ ውል ሳያልቅ ቁልፍ ጥሎ መጥፋት፣ የሰው ቤት ነው ብሎ ግድግዳና በር ማበላሸት በደል ነው። በሌላ በኩል አከራይ የወለደችን ሴት ወይም የታመመን ሰው በጭማሪ አስጨንቆ ማስወጣቱ፣ ሌላ የሚከፍል ተገኘ ብሎ ቃሉን ማጠፉ ከአላህ ዘንድ ያስጠይቃል። አከራዮች ዘካንም አይርሱ። ብዙኃኑ ዑለማዎች እንደሚሉት ዘካ በሚከራየው ቤት ዋጋ ላይ የለም፤ ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረው ገንዘብ ግን ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣበታል።

በመጨረሻም ለቤተሰቦች የምንመክረው ይህንን ነው። ቤት ከመያዛችን በፊት ውኃውን፣ ቆጣሪውንና ጣሪያውን እንይ፤ ከቀድሞው ተከራይ ወይም ከጎረቤት እንጠይቅ። ደረሰኛችንን እናስቀምጥ። ጠብ ቢነሳ በሽማግሌ እንጀምር፤ ካልሆነም ወደ ሕግ እንሂድ። አቅም ያለን ደግሞ በየወሩ ጥቂትም ቢሆን ቆጥበን፣ በእቁብም ሆነ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን የራሳችን የምንለው ጣሪያ ለማግኘት እንነሳ። አላህ (ሱ.ወ.) ቤት ለሌለው ቤት፣ ላለውም ርኅራኄና በረካ ይስጥ። ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።