የአዲስ አበባ የጦርነት መታሰቢያዎች በአንድ ቀን

በአዲስ አበባ ያሉት ዋና ዋና የጦርነት መታሰቢያዎች ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር ባለው አካባቢ ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ማልዶ የተነሣ ሰው አብዛኞቹን በእግሩ፣ ቀሪዎቹን በታክሲ በአንድ ቀን ሊያዳርሳቸው ይችላል። ሐውልቶቹ የጦርነት ታሪክ ከመናገራቸው ሌላ የየራሳቸው ታሪክም አላቸው፤ አንዳንዶቹ ተነቅለዋል፣ ተዘርፈዋል፣ ተቀብረዋል።

ጉዞው ከፒያሳ ቢጀመር ይሻላል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። የአድዋን ሽንፈት ሊበቀል የመጣው ፋሽስት ከተማዋን በያዘ ጊዜ ሐውልቱን ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ወጥቶ በቦታው ቆመ። የካቴድራሉ ታቦት በ1888 ዓ.ም. አድዋ ድረስ መዝመቱ ይታወቃል። በአካባቢው በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ሰፊ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ የቀኑን ግማሽ የሚሰጠው ሰው ሌሎቹን ለማየት መቸኮሉ አይቀርም።

ከዚያ ዝቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት ጳጳስ፣ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ማውገዛቸው ይነገራል። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲነሣ ብዙ ሰው ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

አራት ኪሎ ያለው ሐውልት የሚያስበው ሚያዝያ 27ን ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በድል የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። በቅርብ ርቀት በሚገኘው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርበኞች ተቀብረዋል። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ በእንግሊዝ አገር ጋዜጣ አቋቁማ የተሟገተችው ሲልቪያ ፓንክረስትም ያረፈችው እዚያው ነው። በዚህ አካባቢ ቤተ መንግሥትና ፓርላማ ስላሉ ካሜራ ከማውጣት በፊት ጥበቃ መጠየቅ ይበጃል።

ከሁሉም የሚከብደው ስድስት ኪሎ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኾች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። እሱ ቆስሎ ተረፈ፤ ከተማዋ ግን ለሦስት ቀን ታረደች፣ ተቃጠለች። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲያደርስ፣ ጭፍጨፋውን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል። በአደባባዩ የቆመው ሐውልት የዩጎዝላቪያ ስጦታ ሲሆን፣ ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በነሐስ የተቀረጹትን የሬሳና የለቅሶ ምስሎች ቀረብ ብሎ፣ ዙሪያውን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ከመኪና መስኮት ምንም አይታይም። ገነተ ልዑል ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በግቢው ጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሽስት ሥልጣን አንድ ዓመት እንዲቆጥር የታሰበ ነበር። ከድል በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከተማዋ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አጭርና ግልጽ መልስ አይገኝም።

አፍንጮ በር፣ ኅብረት መናፈሻ ውስጥ ያለው መታሰቢያ የኮርያ ዘማቾች ነው። ዘማቾቹ የተሰለፉበት ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ሲሆን፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ከዘመቱት 6,037 ወታደሮች ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን የለም።

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው ትግላችን ሐውልት በመስከረም 1977 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተመርቋል። ባለቀይ ኮከቡ ሐውልት 50 ሜትር ይረዝማል፤ በሥሩም በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ፎቶግራፎች አሉ። የሠሩት ሰሜን ኮርያውያን ናቸው። የቃኘው ልጆች የተዋጉት ለደቡብ ኮርያ መሆኑን ያስታወሰ ጎብኚ በፖለቲካ መገለባበጥ መደነቁ አይቀርም።

ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ የፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ ሥራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሮም ተወስዶ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱ ጣሊያናውያን በተሠራው ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቶቹን ማየት የሚፈልግ ሰው በየካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ የአድዋ ድል በሚታሰብበት በየካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ በሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ማልዶ ይገኝ፤ አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው ይወጣሉ፣ መንገዱም ለመኪና ይዘጋል። ቅርጾቹን በእርጋታ ለመመልከት የፈለገ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ።